የእናቴን እናት ስም ፍለጋ አትላንታ ድረስ

አትላንታ ምን አየሽ ለሚሉኝ የደሴ ጎረቤቶቼ መልስ ሳጣ ሰንብቻለሁ። ፎቁን አየሽው ወይ ይሉኛል፤ አዎ፣ ከሩቅ አይቸዋለሁ። ኦሎምፒክ የተሮጠበትን ስታዲየምስ ይሉኛል፤ አላየሁም። የኛ ሰው አትላንታን የሚያውቃት በሩጫ ስለሆነ ስታዲየሙን ሳላይ መመለሴ እንደ ትልቅ ጥፋት ተቆጥሮብኛል። እኔ ግን የሄድኩት ለአንድ ስም ነው። ከተማዋን ማወቅ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ ስሙን እንዴት እንዳገኘሁት መስማት የሚፈልግ ደግሞ ቁጭ ይበል።

እናቴ ባህሪያ የተወለደችው ባሕር ላይ ነው፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ሐጅ አድርገው በሸራ ጀልባ ከሚመለሱ የወሎ ሰዎች ጋር ተሳፍራ የነበረች አንዲት አረብ ወለደቻትና እዚያው ሞተች። ልጅ ያልነበራቸው ሐጂ ይማምና ባለቤታቸው ሕፃኗን ታቅፈው አገራቸው አስገቧት፤ እንደ አብራካቸው ክፋይም አሳደጓት። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የማታውቀው የወላጇን ስም ብቻ ነው። ጀልባዋ ላይ ሁሉም ሰው «አረቢቱ» ነበር የሚላት። አሳዳጊዋ ስትሞት «ስሟን ሼህ አደም ጽፈውታል» ብላታለች። ሼህ አደም ሐጃጆቹን የመሩት ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ግን በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰዶ ዱካው ጠፋ።

በኛ ዘንድ ሟች ሲቀበር የሚጠራው በእናቱ ስም ነው፤ እገሌ የእገሊት ልጅ ተብሎ። እናቴ ዕድሜዋ ሰማንያ እየተጠጋ ሲመጣ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። «ባህሪያ የማን ልጅ ብለው ሊቀብሩኝ ነው?» ትላለች። የሰፈራችን ሼህ ሊያጽናኗት፣ እናቱ ያልታወቀ ሰው የሐዋ ልጅ ተብሎ ይጠራል፣ ሐዋ የሁላችን እናት ናት ቢሏት፣ «ሐዋማ የሁሉም ናት፤ እኔ የራሴን ነው የምፈልገው» ብላ ኩም አደረገቻቸው።

ልጄ ሰሚራ አትላንታ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አንድ የዒድ ቀን ሶላት ላይ ራህማ ከምትባል የወሎ ሴት ጋር ተዋውቃ ስለ አገር ሲጫወቱ፣ የራህማ አያት ሼህ አደም ሆነው ተገኙ። ወዲያው ደወለችልኝ። «እማ፣ ሼህ አደም የጻፉበት ደብተር አለ! ግን አባቷ ማንንም አያስነኩም፤ ኮፒ እንኳ ማድረግ አይቻልም» አለች። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው የደበቀውን ደብተር ማስወጣት አውቅበታለሁ ብዬ ቪዛ ጠየቅኩ። በሁለተኛው ሙከራ ሰጡኝ።

ሐሙስ። ከደሴ አዲስ አበባ በዋዜማው በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሌሊት በረራ በፍራንክፈርት በኩል አትላንታ። ጣርማበር ላይ ያቅለሸለሸኝን ሩብ ያህል እንኳ አውሮፕላኑ አላቅለሸለሸኝም። ባሕሩን በመስኮት ሳየው ግን፣ ይህን በሚያህል ውሃ ላይ፣ ዘመድ በሌለበት ማማጥ ምን ይሆን እያልኩ ምግቡን ሳልነካ መለስኩት። አስተናጋጇ ያልጣመኝ መስሏት ሌላ አመጣችልኝ።

አትላንታ ስደርስ ሻንጣዬ ወጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ልሄድ ስል አንድ ሠራተኛ መልሰሽ አስቀምጪ አለኝ። እዚያ እንግዳ ሻንጣውን ካስፈተሸ በኋላ መልሶ ለማጓጓዣው ይሰጥና፣ ራሱ በምድር ውስጥ ባቡር ሄዶ ሌላ ቦታ እንደገና ይረከባል። ይህን ማን ይገምታል? የደሴ መናኸሪያ ያሳደገው ሰው አንዴ የጨበጠውን ሻንጣ አይሰጥም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ጨብጬ ቆምኩ። ሰልፉ ከኋላዬ ረዘመ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ከሰልፉ ወጥታ የራሷን ሻንጣ ፊቴ አስቀመጠችና፣ ደረቷን መታ መታ አድርጋ እኔን እመኚኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ሰጠሁ። ባቡሩ ሲነሳ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ ሻንጣዬ ከሷ ቀድሞ ሲመጣ ከኔ ይልቅ የሳቀችው እሷ ናት። ሰሚራ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ ሴትዮዋ ሄደች። ለስም ፍለጋ አገር አቋርጬ የሄድኩ ሴት የሷን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዓርብ። የሰሚራ ቤት ሳንዲ ስፕሪንግስ ነው። ጠዋት «እማ፣ ዛሬ ሺፍት አለኝ፤ ኦፍ መውሰድ አልቻልኩም። በሩን ሎክ አድርጊና ሪላክስ በይ» ብላኝ ሄደች። እኔ ምኔ ሪላክስ ይላል? ልብሴን አጥቤ በረንዳው ላይ አሰጣሁና ወጣሁ። ወሩ ሚያዝያ ስለነበር የጥዱ ብናኝ ረግፎ መኪናው ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሰው ግን የለም። ደሴ ከቤቴ ፒያሳ እስክደርስ አርባ ጊዜ «ደህና አደራችሁ» እላለሁ፤ እዚያ ሰላምታዬን የሚቀበለኝ አጥቼ ለአንድ ውሻ አልኩት። የእግረኛው መንገድ ድንገት አለቀና በሣሩ ላይ ስሄድ አንዲት ወጣት መኪናዋን አቁማ፣ መኪናሽ ተበላሽቶ ነው ወይ አለችኝ። መኪና የለኝም ስላት ይበልጥ ደነገጠች። አስገብታ ቤትሽ የት ነው ስትለኝ ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስት ጊዜ ከዞርን በኋላ የኔ አረንጓዴ ሻርፕ በረንዳ ላይ ሲውለበለብ አየሁትና «ያውና!» ብዬ ጮህኩ። ማታ ሰሚራ ስትገባ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው። «እማ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ዋርኒንግ አስጻፍሽብኝ!» አለች። ያ ሻርፕ ባይኖር እስካሁን እዞር ነበር ብዬ መለስኩላት።

ቅዳሜ ራህማ ወደምትኖርበት ክላርክስተን ሄድን። እዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው አየሁ! ሱማሌው፣ ሱዳኑ፣ ቦስኒያው፣ ዘንቢል አንጠልጥሎ ልጁን እየጎተተ አውቶቡስ ይጠብቃል። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ራህማ አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ሥጋ፣ ምንጣፍና የስልክ ካርድ በአንድ ክፍል ትሸጣለች። ሱቁን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ ቤቷ ይዛን ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። አባትሽ ሐጂ ይህን ደረጃ እንዴት ይወጡታል ብላት ሳቀች።

«ተዪኝ እትዬ ከድጃ፣ ይኼ ሁሉ ለደብተሩ ነው። ስንመጣ የተቀበለን ድርጅት ምድር ቤት ሰጥቶን ነበር። አባባ ‹ከአባቴ ኪታብ በላይ ሰው አይራመድም› ብለው ሙቭ አስደረጉን። ጉልበታቸው እንደዚያ እያመማቸው፣ ወላሂ አንድ ቀን አማርረው አያውቁም።»

ሐጂ ሰይድ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። እጄን ልዘረጋ ስል የእሳቸው እጅ ደረታቸው ላይ ነበር፤ ባዕድ ሴት አይጨብጡም። «መርሐባ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ያመጣኝን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው» አሉ። «‹ይህ የሰው አደራ ነው፤ ሳትታጠብ፣ ያለ ውዱእ አትንካው፣ ለማንም አትስጥ› ብሎኝ ነው የሞተው። ሱዳን ሳለን አንድ አረብ መምህር ለመነኝና ከፈትኩለት። ፊደሉን ያነበዋል፣ ቃሉ አይገባውም። ‹ይህ የሰው ቋንቋ አይደለም› ብሎ ፈርቶ መለሰልኝ። አረብ ራሱ የፈራውን፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉት ነው?»

ይህን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። የወሎ ሼሆች ድሮ አማርኛቸውን በአረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ዐጀሚ ይባላል። አባቴም እንደዚያው ይጽፍ ስለነበር ማንበቡን ከሱ ተምሬያለሁ። ቀስ ማለት ሲገባኝ፣ ሳይጠየቅ መልሱን እንደሚጮህ ተማሪ «ሐጂ፣ አማርኛ ይሆናላ!» አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። «የአባቴ ኪታብ የገበያ ወሬ ነው ነው የሚሉኝ?»

አለቀ። ራህማ ሩዝ በበግ ሥጋ አቀረበች። ሐጂ ተቀይመውኛል፤ ቢሆንም ራህማን ጠርተው ምርጡን ሥጋ ወደኔ እንድታዞረው ሲያዟት ሰማሁ። እንዲህ ያለ ሰው ማስቀየሜ እንደ እሾህ ወጋኝ። ደብተሩ ከቁም ሳጥኑ አናት ሳይወርድ ተመለስን።

እሑድ ስኔልቪል ቤት የገዙ አንድ የወሎ ሰው ምሳ ጠሩን። መንገድ ላይ ጠፋን። ሰሚራ የጻፈችው ወረቀት ፒችትሪ ላይ ታጠፊ ይላል፤ አትላንታ ደግሞ የመንገዱ ግማሽ ፒችትሪ ነው የሚባለው። ደሴ ገበያ መሀል ቆሞ «መሐመድ!» ብሎ እንደመጣራት ነው። ሁለት ሰዓት ዘግይተን ስንደርስ ምግቡ እንደተከደነ፣ እንግዶቹም እንደተራቡ ይጠብቁናል። አንዳቸውም ምነው ዘገያችሁ አላሉም። ቤቱ የግቢ አጥር የለውም፤ የጎረቤትየው ሣር ከነሱ ሣር ጋር ይቀላቀላል። በኛ አገር ይህ ለሦስት ዓመት ክርክር ይበቃል።

ስበላ ፊቴ መከፋቱን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ባለቤትየው እጃቸውን ጠረጉና «ይኼማ የሽማግሌ ጉዳይ ነው» አሉ። ወዲያው ሦስት ሰው ተመረጠ፤ እሳቸው፣ አንድ ታክሲ ነጂና አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ። ደብተር ለማየት ሽማግሌ የተላከላት ሴት ከኔ በፊት ያለች አይመስለኝም። ለራሴ ኒካህ እንኳ የተላኩት ሁለት ነበሩ።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እኔም ከስልኩ አጠገብ አልተነሳሁም። ሽማግሌዎቹ ከሥራ በኋላ ኮት ለብሰው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ሲመሽ ደወሉልኝ። ሐጂ ፈቅደዋል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ውዱእ አድርጌ እመጣለሁ፣ እሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። አማርኛ ካልሆነ ደብተሩ ይዘጋል፣ ከቤተሰባችን ማንም ዳግመኛ አይጠይቅም። «እሺ አልን» አሉኝ ሽማግሌው። እሺ ያሉት በእናቴ ስም ነው።

ማክሰኞ። ራህማ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ሦስት ጨርቅ ተፈታ። ከውስጥ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው ደብተር ወጣ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው መስመር ቢስሚላህ ነው፤ በአረብኛ። ሐጂ አላልኩም ወይ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን መስመር ፊደል በፊደል ለቀምኩትና አነበብኩ።

«የሐጂ አህመድ ጫማ ጠፍቷል፤ እኔን ይጠረጥራል።»

ራህማ በሳቅ ፈረሰች። «ያ ረቢ! ሦስተኛ ፎቅ የወጣነው ለሐጂ አህመድ ጫማ ነው?» ሰሚራም ሳቀች። እኔ ግን የማየው ሽማግሌውን ነበር። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል።

«የአባቴ አፍ ነው» አሉ። «እንዲህ ነው የሚናገረው። ድምፁን ረስቼው ነበር። ይቀጥሉ እስቲ፣ ይቀጥሉ።»

ቀጠልኩ። ደብተሩ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው፤ ማን ምን እንደያዘ፣ ማን እንዳመመው፣ ማን ከማን እንደተጣላ። ሐጂ ይማም ከነባለቤታቸው፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ጀበና። ከየመኑ ሁደይዳ ወደብ ከተሳፈሩት መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «አረቢቱ፤ አንድ ሳጥን፤ ነፍሰ ጡር ናት» ይላል። በቃ። ገለበጥኩ፣ መልሼ ገለበጥኩ። እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው አረቢቱ ነው የሚሏት። ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ማልቀስ ጀመርኩ።

«የሞቱትስ?» አሉ ሐጂ።

«ምን?»

«አባቴ ሰው ሲቀብር በእናቱ ስም መጥራት አለበት። ስሙን ሳይጠይቅ አይቀብርም። በወዲያ በኩል ይመልከቱ፣ ከመጨረሻው።»

ደብተሩን ገለበጥኩት። ከኋላው ሌላ ዝርዝር አለ፤ ሁሉም እገሌ የእገሊት ልጅ እያለ የሚሄድ። አራተኛው ላይ ደረስኩ።

«ሰልማ የዘሕራ ልጅ፤ አገሯ ሁደይዳ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት። ባሏ ለንግድ ሐበሻ አገር ቀድሟት ገብቶ ልትከተለው የተሳፈረች። ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደሟ አልቆም ብሎ ቀትር ላይ አረፈች። ሰግደንባት ለባሕር ሰጠናት። ሕፃኗ ስታለቅስ የሰይድ እናት ከሰይድ ጋር አጠባቻት። ምጽዋ እስክንደርስ ስድስት ቀን ሁለቱ በአንድ ጡት ሰነበቱ። ባህሪያ አልናት። ይማምና ባለቤቱ ወሰዷት።»

ሰልማ የዘሕራ ልጅ። ደጋግሜ አልኩት። ሰሚራ አንገቴን አቅፋ «እማ፣ ፋይናሊ!» እያለች ታለቅሳለች። ሐጂ ሰይድ ግን እንደ ድንጋይ ደርቀዋል።

«የሰይድን ቦታ ይድገሙልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

በኛ ሃይማኖት ከአንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው። የእናት የጡት ወንድም አጎት ነው፤ ባዕድ አይደለም። ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና፣ ለማንም ባዕድ ሴት ያልዘረጉትን ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ራሴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

«አንቺ የእህቴ ልጅ ነሽ» አሉ። «እህት አለችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እህት እያለችኝ ብቻዬን ነኝ እላለሁ።»

ራህማ የሐጂ አህመድን ጫማ ነገር አንስታ ልትቀልድ ስትል ቀና ብለው «እናንተ ትስቃላችሁ» አሏት። «አባቴ የሰው አደራ ነው አለኝ። ሰው አይደለም ወይ የተጻፈው?» ራህማ ጨርቆቹን ማጣጠፍ ጀመረች።

ለእናቴ በስልክ ልንገራት ብዬ ካርድ አወጣሁ፤ አጎቴ ከለከሉኝ። የእናት ስም በሽቦ አይነገርም፣ በአፍሽ አድርሺላት አሉ። ረቡዕን የሟቾቹን ገጽ በሙሉ ወረቀት ላይ ስገለብጥ ዋልኩ፤ ሌሎቹም ወሎ ውስጥ የሚፈልጋቸው ሰው ይኖራል ብዬ። ሐሙስ ስመለስ አጎቴ ያንን ደረጃ ወርደው፣ ጉልበታቸውን እያሹ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኙኝ። «ሰይድ ዓይኑ ሳይጠፋ ሊያይሽ ይፈልጋል በያት» አሉኝ። «እምቢ ካለች ሽማግሌ እልካለሁ።»

ደሴ እሑድ ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው የጠበቀችኝ። ሰላምም አላለችኝ። «አገኘሽው?» ብቻ አለች።

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ሰልማ የዘሕራ ልጅ ስል ከንፈሯ አብሮኝ ተንቀሳቀሰ። አንድ ስም ጠብቃ ሁለት አገኘች፤ እናቷንም አያቷንም። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም፤ ራሷን እየነቀነቀች ቀጥይ አለችኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላት የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጇን አነሳች።

«ስንት አልሽ?»

«ሃያ ያልሞላት።»

እናቴ ወላጇን ባሰበቻት ቁጥር ትልቅ ሴት፣ ከሷ በላይ የሆነች እናት ነበር የምትታያት። እኔም አያቴን እንዲያ ነበር የማስባት።

«ከሰሚራ እንኳ ታንሳለች» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ናት እኮ፣ ከድጃ። ብቻዋን። ማን እጇን ያዛት?»

ደብተሩ ይህን አይልም።

እናቴ የደረቁ መዳፎቿን ዘረጋች። «ያ አላህ፣ ሰልማን፣ የዘሕራን ልጅ አደራ» አለች፤ ድምፅ አውጥታም፣ እናት ለልጇ እንደምታለቅስ አለቀሰችላት።